ወፉን በስሙ የጻፍኩ ዕለት

ማክሰኞ ዕለት ከክፍል ስወጣ የኮሌጃችን ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ እትዬ ጥሩወርቅ በሩ ላይ ቆመው በእጃቸው ጠሩኝ። ስጠጋ የአንዲት የአንደኛ ዓመት ተማሪ ወረቀት ዘረጉልኝና መጨረሻው ገጽ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።

«ሦስተኛውን አንብቢው» አሉኝ።

የምንጮች ዝርዝር ነው። ሦስተኛው መስመር እንዲህ ይላል፦ ሰዓዳ እንድሪስ፣ «አውጫጭ በአገራችን»፣ ያልታተመ ጽሑፍ፣ መካነ ሰላም፣ ገጽ ዘጠኝ።

እኔ ነኝ። ሰው ጠቀሰኝ። የማላውቃት ልጅ ከመደርደሪያ አውርዳ፣ ገልጣ፣ አንብባ፣ «ሰዓዳ እንዳለችው» ብላ ጽፋለች። እትዬ ጥሩወርቅን አቅፌ ስዘል መነጽራቸው ወደቀ።

«ቀስ በይ እንጂ፤ ምንጭ እንዲህ አይዘልም» አሉኝ ከመሬት እያነሱ።

የዚያኑ ቀን ጅዳ ላለችው እናቴ ደወልኩላት። ሰው ቤት ነው የምትሠራው፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የምታወራኝ። ነገሩን ስነግራት መጀመሪያ «አልሐምዱሊላህ» አለች፤ ቀጥላ «ገጽ ስንት ነው ያልሽኝ?» አለች።

«ዘጠኝ።»

 ገጽ ዘጠኝ ላይ ምን እንዳለ ታውቃለች። የራሷ አጎት ደም አለበት፤ የኔም ሁለት ጥርስ። «ሰዎቹ ገጹን ብቻ አንብበው እንዳያልፉ» አለችኝ በመጨረሻ። «እንዴት እንደተጻፈም ጻፊላቸው።»

እሺ ብያለሁ። ይኸው እጽፋለሁ። አሁን መጻፍ እንደሆነ አልፈራም።

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት በመኸር ወቅት ነው። ያኔ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። ከከላላ መንገድ ወደ ላይ አንድ ሰዓት ተኩል በእግር ከሚያስኬድ መንደር መጥቼ መካነ ሰላም ቤት ተከራይቼ እማር ነበር። ያሳደጉኝ የእናቴ አጎት አያ ይማም ናቸው። እናቴ ወደ ዓረብ አገር ስትሄድ ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። እሳቸው ማንበብ ባይችሉም በየማታው ደብተሬን አስገልጠው «ዛሬ ቀዩ እስክሪብቶ ምን አለ?» ይሉኝ ነበር። ቀዩ «ጎበዝ» ካለ እራታችንን በሳቅ እንበላለን። ከቀዩ እስክሪብቶ ጋር ያለኝ ፍቅር የመጣው ከዚያ ነው፤ መዘዙም።

የንግግር ትምህርት አስተማሪያችን መምህር ዳዊት ከአዲስ አበባ የመጡ ወጣት ሰው ናቸው። እያንዳንዳችን ክፍሉ ፊት ቆመን ሰባት ደቂቃ እንድንናገር አዘዙን። ሁለት ምንጭ ከቤተ መጻሕፍት፣ አንድ ደግሞ ከሕያው ሰው።

«ማን አለ፣ የት አለ፣ መቼ አለ» አሉን ሰሌዳው ላይ እየጻፉ። «ሦስቱን ካልነገራችሁኝ በሁለተኛው ደቂቃ ቁጭ በሉ እላለሁ። ማን እንዳለው የማይታወቅ ነገር እዚህ ክፍል አይገባም።»

እኔ አውጫጭን መረጥኩ። ለማያውቁት ልንገራቸው። በእኛ አገር ሰው ተገድሎ ገዳዩ ሲጠፋ የአካባቢው ወንድ ሁሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። ነገሩ ሳይወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ሽማግሌዎች ራቅ ብለው ይቀመጡና እያንዳንዱ ተራ በተራ እየቀረበ ያየውን በጆሯቸው ይነግራቸዋል። ከዚያ ሽማግሌዎቹ ተነስተው «ወፍ ነግሮናል» ይሉና የገዳዩን ስም ይጠራሉ። ወፉ ማን እንደሆነ አይጠየቅም። ሚስትም አትጠይቅም። ወፉ ከታወቀ የገዳዩ ወገን ይገድለዋል፤ ይህንን የማያውቅ የአገሬ ልጅ የለም። እኔም አውቅ ነበር። እዚህ ላይ አልዋሽም።

ቤተ መጻሕፍታችን አንዲት ክፍል ናት። ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮው ስለሚጮህ ሁሉም ሰው መጽሐፉን ይዘጋና ይጠብቃል። ካርድ ሣጥኑ ውስጥ ያለው መጽሐፍ መደርደሪያው ላይ የለም፤ መደርደሪያው ላይ ያለው ካርድ የለውም። ካርዱ እትዬ ጥሩወርቅ ራሳቸው ናቸው። አውጫጭ ስላቸው ለአፍታ ጣሪያ ጣሪያውን አዩና ሁለት ነገር አወጡልኝ። አንደኛው ሽፋኑ የተገነጠለ የሕግ መጽሐፍ ነው።

«ርዕሱን ምን ብዬ ልጻፍ?» አልኳቸው።

«ያላየሽውን አትጻፊ። ሽፋን የለውም ብለሽ ጻፊ። ውሸት ሽፋን ከምታለብሺው ራቁቱን ይሻላል።»

ሁለተኛው የአንድ የቀድሞ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ነው። እሱ ውስጥ መንግሥት በተለወጠበት ዓመት በእኛው ቀበሌ ስለተደረገ አውጫጭ ሁለት ገጽ አገኘሁ። ሀሰን የሚባል ሰው አሊ የሚባለውን የእርሻ ጎረቤቱን በመጥረቢያ ገደለ፤ በወፍ ተጠቆመ፤ ደሴ እስር ቤት ገባ፤ እዚያው ሞተ። መጨረሻው ላይ «ወፉ ማን እንደነበር እስከ ዛሬ አልታወቀም» ይላል።

ቅዳሜ መንደር ወጥቼ ይህንኑ ለአያ ይማም አነበብኩላቸው። ሞፈር እየጠረቡ ነበር። መጨረሻዋን መስመር ስጨርስ መጥረቢያው ቆመ።

«እስቲ ድገሚያት» አሉኝ።

ደገምኳት።

«እኔ ነኝ» አሉ።

«ምኑ?»

«ወፉ።»

 ከዚያ ምን አደረግኩ መሰላችሁ? እስክሪብቶ ፈለግኩ። እሳቸውም ሲያዩኝ አልከለከሉኝም፤ ለሳቸው እኔ የምጽፈው ነገር ሁሉ ቀዩ እስክሪብቶ ዘንድ ሄዶ የሚመለስ የልጅ ደብተር ነው። ደግሞም በሃያ ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ሰው ጠይቋቸው አያውቅም። ሀሰን መጥረቢያውን ሲያነሳ ከገደሉ አፋፍ ሆነው እንዳዩት ነገሩኝ። ጻፍኩ። ቀን ጻፍኩ። ቦታ ጻፍኩ። ስም ጻፍኩ። ሀሰንም ሞቷል፣ አሊም ሞቷል፣ ነገሩ አልቋል አልኩ በልቤ። የቀድሞው ተማሪ ያላገኘውን አገኘሁ። ከዚያ ሌላ ምንም አላሰብኩም።

ረቡዕ ዕለት ክፍሉ ፊት ቆምኩ። ወላሂ፣ ሰባቱ ደቂቃ እንደ አንድ አለፈች። ምንጬን በሙሉ ስሙ ስጠራ መምህር ዳዊት እስክሪብቷቸውን አስቀምጠው አጨበጨቡ። ከፊት ወንበር የተቀመጠው ከድር ብቻ አላጨበጨበም። ከድር በአንድ ለአምስት ቡድናችን ውስጥ ነው። ዝምተኛ ነው፤ ጽሕፈቱ ግን የክፍላችን ቆንጆ። የቡድናችን ወረቀት ሁሉ በሱ እጅ ነው የሚገለበጠው። የአባቱ ስም ሀሰን መሆኑን አውቃለሁ። በአገራችን ሀሰን የማይባል አባት ማን አለ ብላችሁ ነው?

ስንወጣ ተከተለኝ። «ሰዓዳ፣ የመጨረሻው ምንጭሽ በሕይወት አሉ?»

«አሉ እንጂ። እንደ ጎረምሳ ነው የሚያርሱት።»

«የት ነው ያሉት?»

«ወረቀቱ ላይ ሁሉም አለ» አልኩት፤ እየሳቅኩ።

ከሰዓት በኋላ መምህር ዳዊት የምንጭ ዝርዝሬን «ምርጥ ምሳሌ» ብለው የቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ለጠፉት። ሐሙስን ሙሉ ምክንያት እየፈጠርኩ በዚያ በር ስመላለስ ዋልኩ። ከሰዓት በኋላ ሳይ ወረቀቱ የለም። ሰው ሊገለብጠው ወስዶት ነው ብዬ ይበልጥ ደስ አለኝ።

ዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ እትዬ ጥሩወርቅ ክፍል ድረስ መጡ። ፊታቸው ልክ አልነበረም።

«ዝርዝርሽን ከበሩ የገነጠለው ከድር ነው» አሉኝ ወደ ደጅ አውጥተው። «ትናንት አይቼዋለሁ፤ ንዴት መስሎኝ ዝም አልኩ። ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። እያለቀሰ ነው የገነጠለው። ዛሬ ጠዋት የመታወቂያ መዝገቡን ገለጥኩት። ከተማ ቢያድግም የትውልድ ቀበሌው ያንቺው ነው።»

ሀሰን። ከድር ሀሰን። 

«ወንድም አለው» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ። «ሰይድ የሚባል፣ ከሪያድ የተመለሰ። ትናንት ማታ ሁለቱም ከከተማ እንደወጡ ጎረቤታቸው ነገረችኝ። መሣሪያ አለው።»

አያ ይማም ስልክ የላቸውም። የጎረቤታቸውን የሚሊሻውን ስልክ ደወልኩ፤ ዝግ ነው። መምህር ዳዊት ነገሩን ሲሰሙ ጠመኔው ከእጃቸው ወደቀ። «እኔ ነኝ በር ላይ የለጠፍኩት» አሉ፤ ደጋግመው። ከዚያ እየሮጡ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ። «ጠብቂኝ» ብለውኝ ነበር። አልጠበቅኩም።

ስሚንቶ የጫነ አይሱዙ ከከተማ ሲወጣ መንገዱ መሃል ቆምኩበት። ሾፌሩ እየተሳደበ አሳፈረኝ፤ ፊቴን ሲያይ ስድቡን ተወው።

«ምንድነው፣ ፈተና አመለጠሽ?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት።

«አብሽሪ። ፈተና ይደገማል።»

መገንጠያው ላይ አወረደኝ። ከወረድኩ በኋላ ዳገቱን በሩጫ ነው የወጣሁት። አንዱ ጫማዬ ተበጠሰና ሁለቱንም ጣልኳቸው። የመጨረሻው አቀበት ላይ ስደርስ ሁለት ጥይት ተተኮሰ። የመኸር ጊዜ ሠርግ አለና ሠርግ ነው ብዬ ልቤን ላታልለው ሞከርኩ። እሱ ግን አልተታለለም። የተተኮሰው ከአያ ይማም አውድማ በኩል ነው።

የአውድማው የድንጋይ ካብ ጋ ደርሼ መጀመሪያ ያየሁት ቦራን ነው። ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት፣ በልጅነቴ ጨው ከእጄ ያበላሁት በሬ። ገብሱ ላይ ተጋድሞ እግሮቹን ያወራጫል። ከአንገቱ የሚወጣው ደም ነዶው ውስጥ እየሰረገ ገብሱን አጨቅይቶታል። ከቦራ ኋላ አያ ይማም በጉልበታቸው ተንበርክከዋል። ጥይቱ በሬውን አልፎ ጭናቸውን መቷቸዋል። ሲያበራዩ የነበሩት አምስት ስድስት ሰዎች ከካቡ ኋላ ተጋድመዋል።

ሰይድ አውድማው መሃል ክላሽ ይዞ ቆሟል። ከጎኑ ከድር አለ። በእጁ የያዘው የኔን ወረቀት ነው።

«አንብብለት» አለው ሰይድ።

ከድር ወረቀቱን ወደ ደረቱ አስጠጋ።

«አንብብ እያልኩህ። ማን አለ፣ የት አለ፣ መቼ አለ። እናንተ ዘንድ እንዲህ አይደል የሚባለው?»

ከድር አነበበ። «ይማም አደም። ገበሬ። ቃለ ምልልስ፣ በመኖሪያ ቤታቸው። የአውጫጩ ወፍ እርሳቸው መሆናቸውን ገልጸዋል።»

የኔ ዓረፍተ ነገር ነው። «ገልጸዋል» የምትለዋን ሦስት ጊዜ ሰርዤ ነበር፤ መምህሩ ይወዱልኛል ብዬ ነው የመለስኳት። በዚያች ቃል ሰው ሊሞት ነው።

ካቡን ዘልዬ ሮጥኩ። «እኔ ነኝ የጻፍኩት» አልኩ። «እኔን ምታኝ። ስሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ሰይድ ፊቱን ሳያዞር «አንቺ ነሽ ተማሪዋ?» አለ። «ዘወር በይ።»

ክንዱ ላይ ተንጠለጠልኩ። ሰደፉ ሲመጣ አየሁት፤ ግን ከማየት ሌላ ጊዜ አልነበረኝም። አፌ ላይ አረፈ። ድምፁን የሰማሁት ከውስጥ ነው፤ ደረቅ ነገር ሲሰበር። አፌ በደምና በጥርስ ስብርባሪ ሞላ። ወደቅኩ፤ ገብሱ ፊቴን ወጋው። እንደገና ተነስቼ እግሩን ያዝኩ፤ ጎኔን ረገጠኝና ትንፋሼ ቆመ። ሦስተኛ ጊዜ መነሳት አልቻልኩም።

ሰይድ አፈሙዙን ወደ አያ ይማም አዞረ። «አባቴ አልገደልኩም እያለ ነው እስር ቤት የሞተ» አለ። «ለአሥር ዓመት አንድ ቃል ነው የተናገረው። አንተ ለመሬቱ ብለህ ሸጥከው።»

አያ ይማም በሁለት እጃቸው ጭናቸውን ይዘው ደሙ በጣቶቻቸው መሃል ይወጣል። «ጨርሰኝ፣ ልጄ» አሉት። «መብትህ ነው ብለህ መጥተሃል። ግን ያ ወረቀት ግማሽ ነው። ልጅቷ የጠየቀችኝን ጻፈች። ያልጠየቀችኝ እዚሁ ቀርቷል።»

«ምን ቀረ?» አለ ከድር።

«ዝም በል» አለው ሰይድ።

«ለኔም አባቴ ነው። ልስማ።»

«አባታችሁ ከቀኝ ጆሮው በላይ ጠባሳ ነበረው?» አሉ አያ ይማም።

ከድር አባቱን አያውቃቸውም፤ ሲታሰሩ ገና ሕፃን ነበር። ወንድሙን አየው። ሰይድ ግን ደሴ እየሄደ ይጠይቃቸው ነበር። አፈሙዙ ትንሽ ዝቅ አለ።

«ፖሊስ ነው የመታው» አለ ሰይድ። «እናቴ ነግራናለች።»

«ፖሊስ አይደለም። የአሊ ዱላ ነው። አሊ ቀድሞ መታው፤ ሀሰን በአንድ ጉልበቱ ወደቀ፤ አሊ ሊደግመው ዱላውን ሲያነሳ ነው ሀሰን መጥረቢያውን ያነሳ። ሁለቱንም አይቻለሁ። ገድሏል። ግን ተመትቶ ነው።»

«ይህን ለምን አልተናገርክም?»

«ማን ጠየቀኝ? ሽማግሌዎቹ ስም ጠየቁኝ፤ ስም ሰጠሁ። ወፍ ዳኛ ፊት አይቆምም። ወጥቼ ብናገር አባትህ ቀለል ያለ ፍርድ ያገኝ ነበር፤ እኔን ግን አጎቶችህ ይገድሉኝ ነበር። ፈራሁ። ሃያ ዓመት ፈርቼ ኖርኩ።»

እውነት ሲነገር ሰው ይበርዳል ብላችሁ የምታስቡ ከሆነ፣ እኔም አስብ ነበር። ሰይድ አልበረደም። ፊቱ የባሰ ተለወጠ። የመጣው አባቱን ባስያዘ ውሸታም ላይ ነበር፤ አሁን ደግሞ አባቱን ሊያድን ሲችል ዝም ያለ ሰው አገኘ። «እንግዲያውስ ሁለት ጊዜ ነው የገደልከው» አለና ክላሹን ትከሻው ላይ አሳረፈ።

ከድር አፈሙዙን በቀኝ እጁ ጨበጠው።

ጥይቱ ወጣ። ከድር አልጮኸም። እጁን አንስቶ አየው፤ ሁለቱ ጣቶቹ የሉም፤ ደሙ በክንዱ ወርዶ ነጭ ሸሚዙን እስከ ብብቱ አቀለመው። «ሰይዶ» አለ፤ እንደ ሕፃን። ሰይድ የወንድሙን እጅ ሲያይ ጠመንጃው ከእጁ አመለጠ።

ያኔ ከካቡ ኋላ የነበሩት ተነሱ። ሲፈሩ የቆዩ ሰዎች ናቸው፤ ፍርሃታቸው ሁሉ ንዴት ሆኖ ወጣ። በዱላ፣ በመንሽ፣ በድንጋይ ሰይድ ላይ ወረዱበት። መንሽ ትከሻው ውስጥ ሲገባ አየሁ። ራሱ ተፈንክቶ ዓይኖቹ በደም ተሸፈኑ። አንዱ ድንጋይ በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ ራሱ ላይ ሊጥለው ቆመ፤ እኔም አፌን በእጄ ይዤ «ጣለው» እያልኩ ነበር። አዎ፣ ብያለሁ። ማንም አልሰማኝም እንጂ ብያለሁ።

አያ ይማም በክርናቸው እየተሳቡ፣ ገብሱ ላይ የደም መስመር እያሰመሩ መጡና ሰይድ ላይ በደረታቸው ተኙበት። የወረደው ዱላ ጀርባቸውን አገኘው። «በአሏህ» አሉ። «አውድማዬን መቃብር አታድርጉብኝ። ይህ ከሞተ ልጁ መጥቶ ይጠይቃችኋል። ያኔ ወፉ ማን ይሆናል? ሁላችሁም አይታችኋል።»

ድንጋዩን የያዘው ሰው ቀስ ብሎ ወደ ጎን አስቀመጠው።

መምህር ዳዊት ፖሊሶቹን ይዘው ሲደርሱ ቦራ ሞቶ ነበር። አያ ይማምንና ሰይድን በቃሬዛ እስከ መንገድ አወረድናቸው። ከድር ቃሬዛ እምቢ አለ፤ የወንድሙን እግር ይዞ በእግሩ ወረደ።

የአያ ይማም እግር ደሴ ላይ ከጉልበት በላይ ተቆረጠ። ከድር ሁለት ጣቱን አጣ፤ የጽሕፈት እጁን። እኔ ሁለት ጥርስ። ስስቅ ታዩታላችሁ፤ ሳቄን ግን አልቀነሰም።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ሙሉ እስክሪብቶ መያዝ ጠልቼ ነበር። ሆስፒታል አልጋቸው አጠገብ ቁጭ ብዬ «አያ ይማም፣ ዳግመኛ አልጽፍም» አልኳቸው።

«ምን አጠፋ ጽሑፉ?» አሉኝ። «ያጠፋሽው ሁለት ነገር ነው። ስምህ ይጻፍ ወይ ብለሽ አልጠየቅሽኝም። ምን ቀረ ብለሽም አልጠየቅሽኝም። እኔም ሁለቱን ሳልነግርሽ ዝም አልኩ። ተካክለናል።»

«አሁን ብጠይቅዎትስ? ስምዎ ይጻፍ?»

 መስኮቱን አዩ። «አሁንማ ወፉ ሞቷል» አሉ። «የቀረ ሰውየው ነው። የሰውየውን ስም ጻፊ።»

ከድርንም ጠየቅኩት። ፋሻ በተጠቀለለው እጁ አፉን ጠርጎ «የአባቴን ስም ጻፊ» አለኝ፤ «ግን የአሊን ዱላም ጻፊ። ጠባሳውንም። ከቀኝ ጆሮ በላይ በይ።»

አልኩ። ገጽ ዘጠኝ ያ ነው።

የሰይድ ክስ ሲታይ አያ ይማም በክራንች ቆመው መሰከሩ፤ የአሁኑንም የሃያ ዓመቱንም፣ ፊታቸውን ሳይሸፍኑ። ዳኛው «ማንን አይተሃል?» ብቻ ሳይሆን «ምን አየህ?» ብለው ሲጠይቋቸው ሽማግሌው አለቀሱ። ለሰይድ ፍርዱ እንዲቀልለትም ለመኑ። ታስሯል፤ እናቱና የአሊ ወገኖች ግን አንድ ቦታ ተቀምጠው ዱኣ አድርገዋል። ስንት ሳምንት እንደፈጀ፣ ስንቴ ተነስተው ጥለው እንደሄዱ አትጠይቁኝ።

መምህር ዳዊት ሰሌዳው ላይ አሁን አራት ነገር ይጽፋሉ። ማን አለ፣ የት አለ፣ መቼ አለ፣ ፈቅዷል ወይ። አራተኛዋን ሲጽፉ ወደኔ አያዩም፤ እኔም ወደሳቸው አላይም፤ ግን ሁለታችንም እናውቃለን።

አዲሱ ጽሑፌ ተጠርዞ ቤተ መጻሕፍት ሲገባ እትዬ ጥሩወርቅ ካርዱን ከድር እንዲጽፈው ሰጡት። በግራ እጁ ጻፈው። ፊደሎቹ የተንጋደዱ ናቸው፤ «ሰዓዳ» የምትለዋ ተራራ የምትወጣ ትመስላለች። በሣጥኑ ውስጥ ካሉት ሁሉ አስቀያሚዋ ካርድ የኔ ናት። ማክሰኞ ዕለት የጠቀሰችኝ ልጅ ያገኘችኝ በዚያች ካርድ ነው። ለምን እንደዘለልኩ አሁን ገብቷችኋል?

አያ ይማም አሁን እኔ ጋ መካነ ሰላም ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ክራንቻቸውን ይዘው ቤተ መጻሕፍቱ በር ሥር፣ ዝርዝሬ ተለጥፎ በነበረበት ቦታ፣ ፀሐይ ላይ ይቀመጣሉ። የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች እየመጡ ይጠይቋቸዋል። የማያውቁትን «አላውቅም ብለሽ ጻፊ» ይላሉ። ይህንን እንደምጽፍላችሁ ስነግራቸው «እንዲመጡ በያቸው» አሉኝ።

እንግዲህ ጠርተዋችኋል፤ ቃላቸውን አድርሻለሁ። ከደጎሎም ሁኑ ከማሻ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ኑ። አያት ካላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ ሁለት ወንበር እናመጣለን። ደብተራችሁን ከመግለጣችሁ በፊት ስማቸው ይጻፍ እንደሆነ ጠይቋቸው። ሲጨርሱ ደግሞ ቶሎ አትነሱ፤ «ምን ቀረ?» በሏቸው። አያ ይማምም በተራቸው የእናንተን ስም ይጠይቋችኋል፤ ማን እንደጠየቃቸው ማወቅ ይፈልጋሉ።